ከዛፉ ሥር ዝም ይባላል

ባለፈው ወር የሳሎኔን ኮርኒስ ላሠራ ሁለት ጀሶ ሠሪዎች አስገብቼ ነበር። አንደኛው ጀሶውን በባልዲ ሲበጠብጥ ሽታው እስከ ጓዳ መጣብኝ። ትንሽ እርጥብ አመድ፣ ትንሽ የዝናብ አፈር የሚሸት ነገር ነው። ሽንኩርቴን ትቼ ሄድኩና ጣቶቼን ባልዲው ውስጥ ከተትኩ። ልጁ ደንግጦ "እትዬ፣ ይተዉት፣ ሊደርቅ ሲል ይሞቃል" አለኝ። "ለእኔ ነው የምትነግረኝ?" አልኩት። ግራ ገብቶት ጓደኛውን አየው። ጀሶ ሊደርቅ ሲል እንደሚሞቅ ያወቅሁት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ቦንጋ፣ በቀኝ እግሬ ነው።

ያ ክረምት ኢህአዴግ ከገባ አራተኛው ይሁን አምስተኛው አሁን በትክክል አልናገርም። የማስታውሰው የመሥሪያ ቤቶቹ ታፔላ በየጊዜው ወርዶ ሌላ ሲሰቀል፣ ትናንሾቹ ልጆች በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ሊማሩ ነው እየተባለ ሲወራ ነው። ዝናቡ ግን ያው የድሮው ነበር። ቦንጋ ሲዘንብ ቀልድ አያውቅም። ጠዋት ይጀምራል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ የረሳው ዕቃ ትዝ እንዳለው ሰው ተመልሶ ይመጣል።

የልጅነት ልምሻ የያዘኝ በሦስት ዓመቴ ነው አሉ። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ቀኝ እግሬን ይዞት ሄደ። ጉልበቴ እንደታጠፈ ደረቀ፣ ከዚያ ወዲያ የሄድኩት በዳዴ ነው። እናቴ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ጉልበቶቼ ላይ በሲባጎ ታስርልኝ ነበር፤ ጫማዬ እሱ ነው። ስለዚህ የማውቃት ቦንጋ ከሰው ጉልበት በታች ያለችውን ነው። ሰውን የምለየው በተረከዙ ነበር። ማን ካልሲው እንደተቀደደ፣ ማን አምሽቶ እንደገባ፣ የማን ጫማ የማን ደጃፍ ላይ እንደዋለ ከእኔ የተሰወረ አልነበረም። ጎረቤት ሲጣላ እየተጠራሁ እጠየቅ ነበር፤ ታዲያ እኔም አልዋሽም።

እናቴ አሰለፈች ገበያ ላይ ኮረሪማና ጥምዝ ትቸረችራለች። አባቴ ዋጫ ከተማ አንድ የቡና መፈልፈያ ውስጥ ስለሚሠራ የምናየው በወር አንዴ ነበር፤ ሩቅ መንገድ ስንሄድ የምታዝለኝ እሷ ናት። ከዚያ ክረምት በፊት በነበረው መስከረም አዝላ ትምህርት ቤት ወስዳኝ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። "እትዬ፣ ልጅቷን በየቀኑ ማን ያመላልስልዎታል? ለሽንት ማን ያወጣታል? በራሷ እግር መምጣት ስትችል ያምጧት፣ እኔ ራሴ እመዘግባታለሁ" አሏት። እናቴ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። እኔ ከጀርባዋ ሆኜ፣ ልጆቹ አንድ ላይ ፊደል ሲጮኹ እስከ ድልድዩ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ወንዙ ዋጠው። ያን ለታ እራት አልበላሁም።

በዚያ ክረምት ደግሞ እናቴ አርግዛለች፤ ለመስከረም ትደርሳለች። ጀርባዋ ሌላ ባለቤት ሊመጣበት ነው። በዚህ መስከረም በራሴ እግር ካልሄድኩ ከዚያ ወዲያ የሚወስደኝ አልነበረም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም፤ ግን አዋቂዎች ሲንሾካሾኩ ከመደቡ ሥር ማን እንዳለ አያዩም።

ደረጀ የመጣው በዚያ ዓመት ነው። ቀጭን፣ ሠላሳ ያልሞላው የደሴ ልጅ። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል በር ላይ "ፊዚዮቴራፒ" ብሎ በጠመኔ ጻፈ፤ ዝናቡ አጠበው፣ እሱም መልሶ ጻፈ። ቃሉ ለአፍ ስላልተመቸ ሰው "የመንግሥት ወጌሻ" አለው። "ዶክተር" ሲሉት "ዶክተር አይደለሁም" ይላል፤ "እሺ ዶክተር" ይሉታል። እናቴ መጀመሪያ አላመነችውም። ከዚያ በፊት ስንቱ ወጌሻ በቅቤ አሽቶኛል፣ ስንት ጠበል ተጠምቄያለሁ። አንዱማ ከቢታ ገነት ድረስ መጥቶ እግሬን ሲጎትት ውሎ፣ ዶሮ ወጥ በልቶ ሄዷል። የእግሬን ነገር አላውቅም፣ ዶሮዋ ግን አንጀቴን በልታኛለች፤ የእኔ ነበረች።

የመጀመሪያ ቀን ደረጀ በትንሽ የጎማ መዶሻ ጉልበቶቼን መታ መታ አደረጋቸው። ግራው ብድግ አለ። ቀኙ ዝም። የሚያንኳኳ ነበር የመሰለኝ፣ የሰው ደጃፍ ላይ "ቤቶች" እንደሚባለው። ግራው ቤት አለ፣ ቀኙ ወጥቷል።

"መቼ ይመለሳል?" አልኩት።

ምን ማለቴ ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ቀኝ እግሬን በሁለት እጁ ያዘ። "ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል" አለ። "ግን የታጠፈውን እናቃናዋለን፣ ብረት እናለብሰዋለን፣ አንቺም ትቆሚበታለሽ።"

እናቴ ከኋላዬ "ትቆማለች?" አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኖ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"እትዬ አሰለፈች፣ የምነግርዎትን ካደረጉ በመስከረም ትሄዳለች።"

እናቴ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ተንደርድሮ ያዛት። ነፍሰ ጡር መሆኗን ያወቀው ያኔ ይመስለኛል፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

ጀሶ የተነከረውን ፋሻ እግሬ ላይ ሲጠመጥመው በረደኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሞቀ። ማንም እሳት ሳያቀርብለት በራሱ ሞቀ። ያ እግሬ ምድጃ ዳር ስቀመጥ እንኳ የማይሞቅ፣ ሁልጊዜ እንደ ውሃ የሚቀዘቅዝ እግር ነበር። ዶሮዬ በሕይወት ሳለች እንቁላል ታቅፋ እጄን ከሥሯ አስገብቼ አውቃለሁ፤ ሙቀቱ ልክ እንደዚያ ነበር። በዚያው ነገሩ ገባኝ። ነጩ ቅርፊት ነው፣ ውስጡ አዲስ እግር እየተፈለፈለ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ጀሶው ላይ አድርጌ አዳምጥ ነበር። ደግሞ የሰማሁት ነገር ነበር፤ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ደረጀ ጀሶውን ውሃ እንዳይነካው ብሎ አስጠነቀቀ። ቦንጋ፣ በክረምት። እናቴ ከጓሮ ሰፋፊ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ፣ እሳት ላይ ለብ አድርጋ አለስልሳ፣ ከጭኔ እስከ ጣቶቼ ጠቀለለችኝ። የሰፈሩ ልጆች ሲያዩኝ "ዳቦ" አሉኝ። "ትርፌ፣ ምጣዱ ተጥዷል ወይ?" ይሉኛል። "ስበስል ለእናንተ አልቆርስም" እላቸዋለሁ። በልቤ ግን ቅርፊቱ ሲሰበር ታያላችሁ እያልኩ ነው።

በሳምንቱ ጀሶው ሲቆረጥ ያለቀስኩት አሞኝ አይደለም። ውስጡ የነበረው ያው የድሮው እግር ነው፤ ያውም ቀጥኖ፣ ቆዳው ተላልጦ፣ ሸትቶ።

"የታለ?" አልኩት ደረጀን።

"ምኑ?"

"አዲሱ።"

ሊስቅ ጀመረና ተወው። እጄን ወስዶ ከጉልበቴ ጀርባ አደረገልኝ። ባለፈው ሳምንት ጣት የማይገባበት እጥፋት ውስጥ መዳፌ ገባ። "በሳምንት ይህን ያህል ተከፈተ" አለኝ። ያው እግር ነው፣ ግን የማላውቀው ቦታ ነበረው። እንባዬ ሳይደርቅ ደጋግሜ እነካው ጀመር፤ ሌላ ሰው የነካሁ ያህል ገረመኝ። በየሳምንቱ እያወለቀ፣ ትንሽ እያቃና፣ መልሶ ያስራል። ሲያቃናው ያመኛል፣ አልዋሽም። እሱ ግን አይቸኩልም፤ አውራ ጣቱን ጉልበቴ ላይ አሳርፎ፣ እየገፋኝ መሆኑን ሳላውቅ ይገፋኛል። በአምስተኛው ጀሶ እግሬ ቀጥ አለ።

መለማመጃውን የሠሩልኝ ጎረቤታችን ጋሽ ኮችቶ ናቸው። ስድሳ ያለፋቸው ሽማግሌ፣ ንብ አርቢ፣ በዚያ ዕድሜያቸውም ዛፍ የሚወጡ። ደረጀ ሁለት አግዳሚ በወረቀት ሥሎ ሲያሳያቸው፣ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩና መለሱለት። በማግስቱ ቀርከሃ ተሸክመው መጡ፤ ግቢያችን ውስጥ በወገቤ ልክ ተክለው በሐረግ አሰሩት። ሚስማር የሚባል አልነካውም። ከጅማ ደግሞ ብረቱ መጣልኝ። የቆዳ ማሰሪያ ያለው፣ ከጫማ ጋር የተያያዘ፣ ከራሴ እግር የሚከብድ ብረት። ደረጀ አለበሰኝ፣ በሁለቱ ቀርከሃ መካከል አቆመኝና እጁን ለቀቀ።

ምን ልበላችሁ። አጥራችን ጫፍ እንዳለው ያየሁት ያን ቀን ነው። ከጫፉ ባሻገር ቁልቁለቱ፣ ከቁልቁለቱ በታች ጫካው፣ ከጫካው ላይ ጉም እየተነሳ ነበር። በእናቴ ጀርባ ሆኜ ይህን ሁሉ አይቼ አውቃለሁ፤ ግን ያኔ የማየው እሷ ወደ ዞረችበት ነው። አሁን አንገቴን ወደ ግራ አዞርኩ፣ ጫካው በግራም አለ። ወደ ቀኝ አዞርኩ፣ እዚያም አለ፣ ማለቂያ የለውም። ይህ ሁሉ ነገር እኔ መሬት ላይ ስድህ እዚህ ቆሞ ኖሯል? ፀሐይ ለጥቂት ደቂቃ ወጥታ ነበርና ቁልቁል ሳይ ረጅም ጥላ አየሁ። የእኔ መሆኑን ላረጋግጥ እጄን አነሳሁ፤ አነሳ። ፈራሁም፣ ደስም አለኝ። የተፈጠርኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ከዚያ ሌላኛውም እጄ አመለጠኝና ወደቅሁ።

"እኔን!" ብላ እናቴ ከመሬት ሳልደርስ አፈፍ አደረገችኝ። አቅፋ ልብሴን ታራግፋለች፣ ጉልበቴን ትስማለች። ደረጀ ጠበቃትና "እትዬ አሰለፈች፣ ይህን ነገር ይተዉልኝ" አላት።

"ምኑን?"

"ማንሳቱንም፣ 'እኔን' የሚሉትንም። ስትወድቅ ማንም አይንካት፣ ማንም ድምፅ አያሰማ። እሷ መውደቅ አይቀርላትም። መንገድ ላይ ብቻዋን ወድቃ መነሳት ካልቻለች የእኔ ብረት ምን ይሠራላታል?"

"ልጄ ስትወድቅ ዝም ልበል? ድንጋይ ነኝ?"

እኔ በበኩሌ በደረጀ ሐሳብ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምክንያቴ ሌላ ቢሆንም። እናቴ "እኔን" ባለች ቁጥር ሕመሜ እውነት ወደ እሷ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ክረምት እግሮቿ አብጠው ጫማ አልገባ ብሏታል። እርግዝና እግር እንደሚያሳብጥ የነገረኝ የለም፤ ስለዚህ የእኔ መውደቅ ሁሉ እዚያ ተጠራቅሞ አገኘሁት።

እናቴ ፊት ለፊት እሺ አለችው። ከግቢ ሲወጣ ግን ሁሉም እንደነበረ ሆነ። እጆቿ ከብብቴ ሥር አይጠፉም፣ ሳልወድቅ ታነሳኛለች። ከአጥር ውጭ የሚያልፈው ሁሉ ደግሞ አለ፤ በአገራችን የሰው ልጅ ተደናቅፎ "እኔን" ሳይባል መች ያልፋል። እኔም ለመድኩት፤ ሲያነሱኝ ማን ይጠላል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ደረጀ መጣና ክራንች ሰጥቶኝ "እስቲ ውደቂ" አለኝ። ወደቅሁ። "ተነሺ" አለኝ። እጆቼን ወደ እናቴ ዘረጋሁ።

ቆጣ እንኳ አላለም። መዶሻውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ "መስከረም ሦስት ሳምንት ነው የቀረው" ብሎ በዝናቡ ወጣ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ጀርባው እንዴት እንደሚሆን ያን ቀን አየሁ።

ጋሽ ኮችቶ ከአጥራቸው ማዶ ሁሉንም ሰምተዋል። አመሻሽ ላይ ብቅ አሉና "አሰለፈች፣ ነገ ቀፎ እሰቅላለሁ። ልጅቷን ይዘሽ ነይ" አሏት።

ዛፉ ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለ ቀራሮ ነበር፤ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይከበው። ባለቤታቸው እትዬ ወለቱ አዝለው ወሰዱኝ። ቀና ብዬ ጫፉን ብፈልግ ጉም ውስጥ ገብቷል። ጋሽ ኮችቶ ጫማቸውን አወለቁ፣ ገመዱን በግንዱና በወገባቸው ዙሪያ አዞሩ፣ ዛፉን አንዴ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉትና ጀመሩ። እትዬ ወለቱ ወደ እናቴ ዞረው "ከዛፉ ሥር ዝም ይባላል" አሏት። "ምንም ብታዪ።"

ያ ሽማግሌ፣ መንገድ ላይ በዘንግ የሚሄደው፣ ገመዱን እየወረወረ፣ በእግሩ ጣት ቅርፊቱን እየቆነጠጠ ወጣ። እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። አፌን ከፍቼ ዝናቡ ይገባበታል። ሰው እንዲህ መሆን ይችላል እንዴ አልኩ። ቀፎውን ተሸክመው አብረውን የመጡት ዘመዶቻቸው ሁሉ ዓይናቸው እላይ ነው፤ የሚያስል እንኳ የለም።

ከዚያ እግራቸው አዳለጣቸው።

የቅርፊት ፍርፋሪ ፊታችን ላይ ዘነበ። ጋሽ ኮችቶ በገመዱ ብቻ ተንጠልጥለው ተወዛወዙ። እናቴ አፏን ስትከፍት የእትዬ ወለቱ መዳፍ ቀደማት፤ አፏን ግጥም አድርገው ያዙት። እኔ ጀርባቸው ላይ ስለነበርኩ ልባቸው ሲመታ በደረቴ ይሰማኛል፤ እንደ ከበሮ ይደልቃል። ፊታቸው ግን ዝም እንዳለ ነው። እላይ ያለው እግር ቅርፊቱን ዳበሰ፣ ሳተ፣ እንደገና ዳበሰ፣ ያዘ። ቆይተው ቀፎውን በገመድ ሳቡት፤ ሰቀሉት፤ ወረዱ። እጆቻቸው ደምተው ነበር። ውሃ ጠየቁ።

እናቴ እያለቀሰች "እትዬ፣ ባልዎ ሊሞት ሲል እንዴት ዝም ይላሉ?" አለቻቸው።

"ብጮህ ወደ እኔ ያያል" አሉ እትዬ ወለቱ። "ወደ እኔ ካየ ይወድቃል።"

ጋሽ ኮችቶ ውሃቸውን ጨርሰው ጺማቸውን ጠረጉ። "ሠላሳ ዓመት ዝም ብላኛለች" አሉ። "ይኸው አለሁ።"

እናቴ በማግስቱ ጠዋት ብረቴን አሰረችልኝ፣ ክራንቼን ሰጠችኝ፣ ሄዳ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና የነጠላዋን ጫፍ ጥርሷ ውስጥ ከተተች። ወደቅሁ። ጠበቅሁ። አልመጣችም። እንዴት እንደተናደድኩባት አትጠይቁኝ። አለቀስኩ፣ ስሟን ጠራሁ፣ ልትጥለኝ ነው ብዬ በሆዴ ሁሉንም አልኩ። እሷ ነጠላዋን ነክሳ ታየኛለች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ አትነሳም። ሲታክተኝ በሆዴ ተገለበጥኩ። ክራንቹን ወደ ደረቴ ሳብኩ፣ ግራ ጉልበቴን ከሥሬ አስገባሁ፣ ገፋሁ፣ ተንሸራተትኩ፣ እንደገና ገፋሁ። ስቆም ዝናቡ ጀምሮ አባርቶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ እንደወደቅሁ የሚያውቅ የዚያ ግቢ ጭቃ ነው። ደረጀ መጥቶ ሲያየኝ መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ቆየ።

የምዝገባው ቀን እናቴ ዘጠነኛ ወሯን ገብታለች። እሷ ሦስት እርምጃ ከኋላዬ፣ እኔ ከፊት፣ ወጣን። ገበያው ዳር ስንደርስ ክራንቼ ጭቃ ውስጥ ሰመጠና በግንባሬ ተደፋሁ። "እኔን! እኔን!" ገበያው ሁሉ ተነሳ። ከመሬት ሆኜ የሚሮጡትን ጫማዎች አየሁ፤ ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ። ከዚያ ሁለት ያበጡ እግሮች በእኔና በእነሱ መካከል ገቡ።

"ማንም እንዳይነካት" አለች እናቴ። እጆቿን ዘርግታለች፣ ሆዷ ከፊቷ ነው።

"አብደሻል? ልጅቷ ወድቃለች እኮ።"

"አይቻለሁ።"

"የእንጀራ እናት ናት እንዴ?" አለች አንዷ። ሌላዋ "ምን ዓይነት ጨካኝ ናት" አለች። እናቴ፣ ያቺ ለአንዲት ዝንብ እንኳ "እኔን" የምትል ሴት፣ ያን ሁሉ ቆማ ሰማች። እኔ ወደ እሷ አላየሁም። በሆዴ ተገለበጥኩ፣ ክራንቼን ፈልጌ አገኘሁ፣ ጉልበቴን ከሥሬ አስገባሁ። ጭቃው ሁለት ጊዜ መለሰኝ። በሦስተኛው ቆምኩ። ገበያው ዝም ብሎ ነበር፤ ሰው ሁሉ መንገድ ለቆልን በመካከሉ አለፍን።

ቢሮው በር ላይ ስደርስ ርዕሰ መምህሩ ከጽሑፋቸው ቀና አሉ። ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ ጭቃ ነኝ። ብረቱን አዩ፣ ክራንቹን አዩ፣ ከኋላዬ ማን እንደያዘኝ ፈለጉ። ማንም አልያዘኝም፤ እናቴ ከበሩ ውጭ ግድግዳ ተደግፋ ታለከልካለች። ሰውየው ከመቀመጫቸው ተነሱ፣ የራሳቸውን ወንበር ወደ እኔ ገፉት።

"ነይ ተቀመጪ ልጄ፣ ደክሞሻል።"

"ስሜ እስኪጻፍ ልቁም" አልኳቸው።

ወንበሩ ላይ እናቴ ተቀመጠች።